«ሊስን አፕ» ለማን ይባላል? ለማንስ አይባልም?

«ሊስን አፕ» አንድ ሰው ለተሰበሰቡ ሰዎች ጠቃሚ ነገር ሊናገር ሲል አስቀድሞ ጆሮ እንዲሰጡት የሚጠይቅባት የእንግሊዝኛ ሐረግ ናት። በኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ የውጭ አገር ሱፐርቫይዘር ፈረቃ ሲጀመር፣ በላሊበላ አስጎብኚ እንግዶቹን ይዞ ጨለማው መተላለፊያ አፍ ላይ ሲደርስ፣ በደሴ የእንግሊዝኛ መምህር ክፍሉ ሲንጫጫበት ይሏታል። ሁለት ቃል ብቻ ስለሆነች ቀላል ትመስላለች። ትርጉሟን መያዝ አያስቸግርም። የሚያስቸግረው አጠቃቀሟ ነው፤ ያለቦታዋ ስትገባ ሰው ታስቀይማለች፣ በአማርኛ ሰዋስው ስትነገር ደግሞ ትሳሳታለች። ስለዚህ ትርጉሟን ቶሎ እናልፍና አነጋገሯ ላይ፣ ከሁሉ ይልቅ ለማን እንደምትባል ላይ እንቆያለን።

ትርጉሟ

በዕድር ወይም በቀበሌ ስብሰባ ወሬው ሲበዛ ከመድረክ «እንደማመጥ!» ይባላል። ለ«ሊስን አፕ» ከሁሉ የሚቀርባት ይህ ነው፤ ግን እኩል አይደሉም። «እንደማመጥ» ያለ ሰው ራሱንም አብሮ ስለሚጨምር ንግግሩ ልመናም አለበት። «ሊስን አፕ» ግን ጥርት ያለ ትእዛዝ ናት፦ እናንተ አዳምጡ፣ እኔ ልናገር። ሁለተኛው ነገር፣ ሐረጓ ራሷ መልእክት የላትም። መልእክቱ ከኋላዋ ወዲያው መምጣት አለበት። «ሊስን አፕ» ብሎ ዝም ያለ ሰው ያስጠራውን ሕዝብ ሜዳ ላይ ትቶ እንደሄደ ይቆጠራል።

«አፕ» ለብቻዋ «ወደ ላይ» ማለት ናት። እዚህ ግን አቅጣጫ አታሳይም፤ ግሱን ታጠብቃለች። «ስፒክ አፕ» ድምፅህን ከፍ አድርግ፣ «ሀሪ አፕ» ፍጠን፣ «ዌክ አፕ» ንቃ ሲባል እንደምትሠራው ማለት ነው። ይህን አይቶ ያገኙት ግስ ላይ ሁሉ «አፕ» መቀጠል ግን አይሠራም። «ሂር አፕ» የሚባል ነገር የለም። «ሉክ አፕ» አለ፤ እሱ ግን ቃልን መዝገበ ቃላት ውስጥ መፈለግ ወይም ቀና ብሎ ማየት ነው እንጂ ትኩረት መስጠት አይደለም።

አነጋገሯ

የመጀመሪያው ቃል የሚጻፈው በኤል፣ አይ፣ ኤስ፣ ቲ፣ ኢ፣ ኤን ነው። «ቲ» ተጽፋ የማትነበብ ፊደል ናት። «ሊስተን» የሚለው ከጽሑፉ የመጣ ስሕተት ነው፤ ትክክሉ «ሊስን» ነው። «ሊ» ደግሞ መጎተት የለባትም፤ አጭር ሆና በ«ሊ» እና በ«ል» መካከል ትውላለች።

ሁለቱ ቃላት ሲነገሩ ተለያይተው አይቆሙም። የ«ን» ድምፅ ቀጥሎ ካለው አናባቢ ጋር ስለሚገጥም ጆሮ ላይ የሚደርሰው «ሊስናፕ» የሚመስል አንድ ቃል ነው። ብዙ ሰው ሐረጓን በጽሑፍ እያወቃት ሲነገር የማይለያት በዚህ ምክንያት ነው። ክብደቱ «አፕ» ላይ ያርፋል። መጨረሻዋ በ«ፔንሲል» ውስጥ እንዳለችው ልስልስ «ፕ» ናት፤ በ«ጴጥሮስ» ውስጥ እንዳለችው ፈንድታ የምትወጣ አይደለችም። እንዲያውም ከንፈር ገጥሞ ሳይከፈት የሚያልፍበት ጊዜ ብዙ ነው።

ድምፁ ወደ መጨረሻ ዝቅ ይበል። ከፍ ካደረጋችሁት ጥያቄ ይመስላል፤ የሰማው ሰውም መልስ ሊሰጣችሁ ይሞክራል እንጂ አያዳምጣችሁም።

ለልምምድ ስልካችሁን መቅጃ ላይ አድርጋችሁ «ኦኬ፣ ሊስን አፕ» በሉ፤ ቀጥላችሁ ሁለት ሰከንድ ዝም በሉና አንድ ዓረፍተ ነገር ጨምሩ። መልሳችሁ ስትሰሙ ሦስት ነገር ፈትሹ፦ «ቲ» ሾልካ ገብታለች? ሁለቱ ቃላት ተቆራርጠዋል? ድምፁ ወጥቷል ወይስ ወርዷል?

አማርኛችን የሚያሳስተን ቦታ

እኛ «ስሙኝ» ስንል «ኝ» ከግሱ ጋር ተጣብቃ ትመጣለች። እንግሊዝኛ ስንናገርም ያችን «ኝ» እንፈልጋታለንና «ሊስን ሚ»፣ «ሊስን አፕ ሚ»፣ «ሊስን አፕ ቱ ሚ» እንላለን። ሦስቱም አይሆኑም። «እኔን» ማለት ካስፈለገ «አፕ» ትወጣና «ሊስን ቱ ሚ» ይባላል፤ «ቱ» ግን የግድ ናት። «ሊስን አፕ» ከኋላዋ ተሳቢ አትቀበልም። ሬዲዮ አዳምጡ ለማለትም «ሊስን ቱ ዘ ሬዲዮ» ነው፤ «ሊስን አፕ ዘ ሬዲዮ» አይባልም።

ተሳቢ ባትወድም የተጠሪውን ስም ትወዳለች። «ሊስን አፕ፣ ኤቭሪዋን»፣ «ኦኬ፣ ክላስ፣ ሊስን አፕ»፣ «ቲም፣ ሊስን አፕ» ይባላል። ስትጻፍ በስሙና በሐረጓ መካከል ኮማ ይገባል፤ ሁለቱ ቃላት ተለያይተው ይጻፋሉ፣ ሰረዝ አያስፈልጋቸውም።

ጊዜን በተመለከተ፣ ሐረጓ የትእዛዝ ሰው ናት። «ተማሪዎቹ አዳመጡ» ለማለት «ዘ ስቱደንትስ ሊስንድ» ይበቃል፤ «ሊስንድ አፕ» ጆሮ ላይ ይጎረብጣል። «እያዳመጥኩ ነው» ለማለትም «አይ አም ሊስኒንግ» እንጂ «ሊስኒንግ አፕ» አይደለም። «ዶንት ሊስን አፕ» ብሎ ማፍረስም የለም። ከትእዛዝ ውጭ በደንብ የምትገባው በሌላ ግስ ታዝላ ስትመጣ ነው፦ «አይ ኒድ ዩ ቱ ሊስን አፕ» (እንድታዳምጡኝ እፈልጋለሁ)፣ «ቴል ዘም ቱ ሊስን አፕ» (እንዲያዳምጡ ንገራቸው)። ለአጭር ጊዜ ብቻ መሆኑን ለማሳየት ደግሞ «ሊስን አፕ ፎር ኤ ሚኒት» ይባላል።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው ቀጥሎ ያለው ነው። አማርኛ አክብሮትን ግሱ ውስጥ ያስቀምጣል፦ ስማ፣ ስሚ፣ ስሙ፣ ይስሙ። የእንግሊዝኛው ትእዛዝ ግን ለሕፃንም ለአዛውንትም አንድ መልክ ነው ያለው። አክብሮቱ በግሱ ካልታየ የት ሊታይ ነው? በሐረግ ምርጫ። ስለዚህ የሚከበረው ሰው ፊት «ሊስን አፕ»ን ማለስለስ ብቻውን አይበቃም፤ በሌላ መተካት ነው።

ለማን?

ለቡድን፣ ያውም በዕድሜም በሥራም እኩያችሁ ወይም በእናንተ ኃላፊነት ሥር ላለ ቡድን። መምህር ለተማሪዎቹ፣ አሠልጣኝ ለተጫዋቾቹ፣ የፈረቃ ኃላፊ ለሠራተኞቹ፣ ጓደኛ ለጓደኞቹ ሲላት አታስከፋም። አሜሪካውያን ብዙ ጊዜ «ጋይስ» ብለው ይጠራሉ፤ ወንድም ሴትም ይጨምሩበታል። ሁሉም ሰው ግን አይወደውም። «ኤቭሪዋን» የትም ብትሉት ችግር የለውም።

ለአንድ ሰው ብቻ ስትባል መልኳ ይለወጣል። ሁለታችሁ ብቻ ቆማችሁ «ሊስን አፕ» ካላችሁት፣ ሰውየው የሚሰማው በቁጣ የተባለ «አንተ! ስማ!» ነው። ቀጥሎ ማስጠንቀቂያ ወይም ዛቻ ይጠብቃል። ለአንድ ሰው ድምፅን ዝቅ አድርጎ «ሊስን» ማለት ወይም «ካን አይ ቴል ዩ ሰምቲንግ?» (አንድ ነገር ልንገርህ?) ይሻላል። ሐሳባችሁን ሳይቋረጥ እንዲሰማላችሁ ከፈለጋችሁ ደግሞ ለዚህ የተሠራች ሐረግ አለች፦ «ሂር ሚ አውት»። «እስክጨርስ ስማኝ» ማለት ናት፤ እዚህ ላይ «ሚ» መሐል ትገባለች።

ለአለቃ፣ ለባለሥልጣን፣ ለአዛውንት፣ ለማታውቁት እንግዳ አይባልም። ወሎ ውስጥ ያደገ ሰው አባት አዛውንትን «አንቱ» ሲል ግሱንም አብሮ ያከብራል፤ «ስማ» ከአፉ አይወጣም። በእንግሊዝኛም ያንኑ ጨዋነት ይዞ መሄድ ይችላል፤ የሚያስፈልገው ሌላ ዓረፍተ ነገር ማወቅ ብቻ ነው። ለተሰበሰቡ ሰዎች መካከለኛው «ኤክስኪዩዝ ሚ፣ ኤቭሪዋን» ነው። ከፍ ሲል «ኩድ አይ ሃቭ ዮር አቴንሽን፣ ፕሊዝ?» (እባካችሁ ጆሮ ልትሰጡኝ ትችላላችሁ?) ይባላል። በምረቃ፣ በጉባኤ ወይም በመድረክ ላይ ደግሞ «ሜይ አይ ሃቭ ዮር አቴንሽን፣ ፕሊዝ?» ነው።

«ሊስን አፕ» ላይ «ፕሊዝ» ብጨምርስ? በእኩዮች መካከል ያለሰልሳታል፤ መምህራንም ይጠቀሙበታል። ነገር ግን ትእዛዝነቷን አታጠፋውም። የወልድያ ሆስፒታል ውስጥ ለውጭ ሐኪሞች የሚያስተረጉም ሰው «ሊስን አፕ፣ ፕሊዝ» ቢላቸው ሐኪሞቹ አይጣሉትም፤ ግን ቅር ይላቸዋል፣ ለምን ቅር እንዳላቸውም አይነግሩትም። የሐረጓ ክፋት ይሄ ነው፤ ሰዋስዋ ትክክል ስለሆነ ማንም አያርማችሁም።

በጽሑፍ፣ ለሥራ ባልደረቦች በቴሌግራም ቡድን ትጻፋለች። ማመልከቻ፣ ሪፖርትና የፈተና ድርሰት ውስጥ ቦታ የላትም።

አንድ ጊዜ በደንብ መጠቀም

ላሊበላን እንውሰድ። አስጎብኚው ወደ አሥር የሚጠጉ እንግዶች ይዟል፤ በቤተ አማኑኤልና በቤተ ገብርኤል ወሩፋኤል በኩል ባለው ምድብ ውስጥ ካሉት ጨለማ መተላለፊያዎች በአንዱ ሊያስገባቸው ነው። ገሚሱ ፎቶ ያነሣል፣ ገሚሱ ይጨዋወታል።

መጀመሪያ ይቁም። እየሄደ፣ ጀርባውን ሰጥቶ የሚናገር አስጎብኚ የሚሰሙት ከፊት ያሉት ሁለቱ ብቻ ናቸው። ዞሮ ፊታቸውን ይይ፣ የኋለኞቹም እስኪደርሱ ይጠብቅ። ከዚያ መክፈቻ ቃል ያስቀድም፦ «ኦኬ» ወይም «ኦል ራይት»። ይህች ቃል ትንሽ ብትመስልም የትእዛዙን ስለት ትሸርፋለች፤ ሰዎቹም ጭንቅላታቸውን ቀና የሚያደርጉበት ጊዜ ትሰጣቸዋለች። ቀጥሎ አንድ ጊዜ ብቻ፦ «ኦኬ፣ ኤቭሪዋን፣ ሊስን አፕ ፎር ኤ ሰከንድ፣ ፕሊዝ»። ከዚያ ሁለት ወይም ሦስት ሰከንድ ዝም ይበል። ጸጥታው እስኪመጣ የማይታገሥ ሰው የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገሩን ያባክናል።

መልእክቱ ከሦስት ነገር አይብለጥ፤ ትእዛዞቹም በግስ ይጀምሩ፦ «ኢት ኢዝ ቬሪ ዳርክ ኢንሳይድ። ኪፕ ዋን ሃንድ ኦን ዘ ዎል። ዎክ ስሎውሊ።» ውስጡ በጣም ጨለማ ነው፣ አንድ እጃችሁን ከግድግዳው አታንሡ፣ ቀስ ብላችሁ ተራመዱ። መጨረሻ ላይ «ኢዝ ዛት ክሊር?» ከማለት ይልቅ «ሬዲ?» ማለት የተሻለ ነው፤ የመጀመሪያው ከአዛዥ ድምፅ ጋር ሲደመር እንደ ወታደር ቤት ያደርገዋል።

ገንዘብ ከፍለው የመጡ እንግዶች ናቸውና ሐረጓ ለእነሱ ትገባለች ወይ የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው። መልሱ እንደ ሰዎቹ ነው። ግማሽ ቀን አብረው የዋሉ፣ የተሳሳቁ ወጣቶች ከሆኑ ትገባለች። የመጀመሪያው ሰዓት ከሆነ ወይም እንግዶቹ በዕድሜ የገፉ ከሆኑ «ሜይ አይ ሃቭ ዮር አቴንሽን» ይቅደም። ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ጸሎት ካለ ግን የትኛውም አይጮኽም፤ ጫማ ማውለቁም፣ ፍላሽ ማጥፋቱም ከበር ውጭ ተነግሮ ያልቃል።

የሚበላሽበት ዋና ምክንያት መደጋገም ነው። «ሊስን አፕ! ሊስን አፕ! ሊስን አፕ!» ያለ መምህር ተማሪዎቹን ያስተማራቸው ሁለቱን ማለፍ እንደሚቻል ነው። ከሃምሳ በላይ ተማሪ ባለበት ክፍል በድምፅ ከመሽቀዳደም፣ አስቀድሞ እጅ ማንሣት ወይም ሰሌዳውን መታ መታ ማድረግ፣ ጫጫታው ሲረግብ ሐረጓን አንዴ ማለት። ሌላው ብልሽት ቃል ፍለጋ ነው፦ ሰው ሁሉ ዝም ካለ በኋላ ተናጋሪው «እ… እ…» ካለ፣ ሁለተኛ ጊዜ ሲጠራ የሚሰጠው ጆሮ ይቀንሳል። የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር አፋችሁ ላይ ሳታዘጋጁ አትጥሩ።

ስትባሉ ደግሞ

በ2009 ዓ.ም. በተመረቀው የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ የምትሠሩ ከሆነ ሐረጓን ከመናገር ይልቅ መስማት ይበዛባችኋል። ስትሰሙ እጃችሁን ከሥራው አንሡ፣ ወደ ተናጋሪው ዙሩ። «የስ» ማለት አያስፈልግም፤ መዞራችሁ መልስ ነው። ቁም ነገሩ ቀጥሎ ባሉት ሁለት ሦስት ዓረፍተ ነገሮች ውስጥ ያልቃል። ለምሳሌ፦

«ኦል ራይት፣ ሊስን አፕ። ላይን ስሪ ስቶፕስ አት ፎር። ክሊን ዮር ማሽንስ ቢፎር ዩ ሊቭ። ኖ ኦቨርታይም ቱዴይ።»

ላይን ሦስት በ«ፎር» ይቆማል፣ ከመውጣታችሁ በፊት ማሽናችሁን አጽዱ፣ ዛሬ ኦቨርታይም የለም። ሰው የሚሳሳተው «ፎር» ላይ ነው። የእነሱ አራት የእኛ 10 ሰዓት ነው። ስድስት መቀነስ፣ የማይቀነስ ከሆነ ስድስት መደመር፦ የእነሱ 8 የእኛ 2፣ 12 የእኛ 6፣ 1 የእኛ 7። ጥርጥር ካለ «ፎር ኢን ዘ አፍተርኑን፣ ራይት?» ብላችሁ አረጋግጡ።

የሌሊት ፈረቃ ላይ ቀኑም ይለወጣል። በእነሱ አቆጣጠር ቀን የሚቀየረው በእኛ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ነው፤ በእኛ ግን ሲነጋ ነው። ስለዚህ «ቱ ኤ ኤም ኦን ቱዝዴይ» ከተባለ ለማክሰኞ አጥቢያ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ማለት ነው። ማክሰኞ ማታ የመጣ ሠራተኛ ሙሉ ፈረቃ አልፎታል።

ጎረቤቶቿ

«ዋች አውት!» እና «ሉክ አውት!» አደጋ ሲመጣ ይባላሉ። በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ያለውን የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ በጭጋግ ስትወርዱ ከፊት መኪና ብቅ ቢል «ሊስን አፕ» ማለት አያድንም፤ እሷ «ንግግር ጠብቁ» ስለምትል ሰውየው ወደ እናንተ ይዞራል እንጂ ወደ መንገዱ አያይም።

«ሊስን አውት ፎር» እንግሊዛውያን የሚያዘወትሯት ናት፤ የሚመጣውን ድምፅ ጆሮ አቅንቶ መጠበቅ ነው። ደሴ መናኸሪያ ላይ ለእንግዳ «ሊስን አውት ፎር ወልድያ» ብትሉት፣ ረዳቱ «ወልድያ፣ ወልድያ» ሲል እንዲነሣ ነገራችሁት ማለት ነው። «ሊስን ኢን» ሳይናገሩ የሌላውን ንግግር መስማት ነው፤ ከኋላዋ «ኦን» ሲመጣ ብዙ ጊዜ ወደ ጆሮ ጠቢነት ታደላለች። «ቲውን አውት» ሆን ብሎ ጆሮ ዳባ ልበስ ማለት ነው።

«ዞን አውት» ከሁሉም የተለየች ናት፤ ሳያስቡት በሐሳብ ጭልጥ ማለት ነው። ከጓደኛ ጋር «ሶሪ፣ አይ ዞንድ አውት» ማለት ምንም የለበትም። «ሊስን አፕ» ብሎ መመሪያ ለሰጠ አለቃ ግን ይህን መልስ አትስጡት፤ አላዳመጥኩህም ብሎ በራስ ላይ መመስከር ነው። ያመለጣችሁን ለማስደገም «ሶሪ፣ አይ ዲድንት ካች ዘ ላስት ፓርት። ኩድ ዩ ሴይ ኢት አገይን፣ ፕሊዝ?» (ይቅርታ፣ የመጨረሻው ክፍል አመለጠኝ፤ እባክዎ ይድገሙልኝ?) በሉ። «ዘ ላስት ፓርት» ማለታችሁ የቀረውን እንደ ሰማችሁ ስለሚያሳይ፣ ሰውየው ሁሉንም ከመጀመሪያው ሳይጀምር ያመለጣችሁን ብቻ ይደግምላችኋል።